ሳትወጉ መሸኘትን ልመዱ

ልጆቼ፣ ከጂማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተምራችሁ ወደ ወረዳ የምትወጡ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ለመክፈትም ብር የምታጠራቅሙ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ከሥራችን የሚከብደው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ጥጃ ማዋለድ አይደለም። ገበሬን ያለ መርፌ መሸኘት ነው። ከዴዶ ወይ ከሰቃ ጨቆርሳ ገና ሳይነጋ በሬውን እየነዳ የመጣ ሰው «ውጋልኝ» ነው የሚላችሁ። «እይልኝ» የሚል ስንት አለ? ብሩን በእጁ ጨብጦ ቆሟል። እናንተ ደግሞ የቤት ኪራይ አለባችሁ። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሳያስፈልግ እንወጋለን፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን መቋቋም ይለምዳል።

ዶሮን እንይ። ፈንግል ገባ ሲባል ብዙ ቤት የሚደረገው አንድ ነው፦ የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ይፈለቀቅና ውኃ ላይ ይበተናል። ፈንግል ቫይረስ ነው። ቴትራሳይክሊን የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፣ ቫይረስን አይነካም። መጀመሪያውኑም ሊተርፉ የነበሩ ዶሮዎች ይተርፋሉ፣ ምስጋናውን ግን ካፕሱሉ ይወስዳል። ሆዳቸው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችስ? መድኃኒቱ የሚገድላቸው ሞቱ፣ መድኃኒቱን የቻሉት ቀሩ፣ በዙም። ዶሮዎቹ ደግሞ የሚያድሩት ልጆች በሚተኙበት ቤት ነው። ለፈንግል መፍትሔው በሽታው ሳይገባ የሚሰጥ ክትባት ነው፣ እሱም እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል።

የሚያስፈራው የቻሉት መቅረታቸው ብቻ አይደለም። ባክቴሪያዎች መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ዘር፣ እሳት እንደሚጫጫሩ ጎረቤታሞች፣ ይሰጣጣሉ። ዝርያቸው አንድ መሆን የለበትም። ከላም ሆድ የወጣው ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ያንን ለሌላው ያቀብላል። በረት የምትጠርገው እናት እጅ ላይ፣ ፍግ የተደፋበት ጎመን ላይ፣ ጥሬ ወተት ውስጥ ይገኛል። ውሻውም አለ። ከታመመች ላም የተጣለውን እንግዴ ልጅ በልቶ ይመጣና የልጁን ቁስል ይልሳል። ውሻና ድመት ክሊኒክ የሚያመጣ ሰው እኛ ጋ ጥቂት ስለሆነ ይህን እንረሳለን።

መጠን ላይ ደግሞ በጣም እንቀልዳለን። ለቀናት የሚሠራው የ20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌ ለ10 ኪሎ 1 ሲሲ ነው። 250 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 25 ሲሲ ይሆናል፣ ያውም የተለያየ ቦታ ተከፋፍሎ። «ለዛሬ ይበቃዋል» ተብሎ 10 ሲሲ ይወጋና ይሸኛል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. ኖቤሉን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፦ ያነሰ መጠን ባክቴሪያውን ሳይገድል መቋቋምን ያስተምረዋል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታቋርጡት የጊቤ ሸለቆ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ መድኃኒቶች አልሠራ ማለታቸው ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ገንዲን የሚያመጣው ባክቴሪያ አይደለም፣ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ግን አንዱን የመድኃኒት ከረጢት ለሁለት ለሦስት በሬ ማካፈል የሚያመጣው ጣጣ ያው ነው።

ተማሪዎች ላቦራቶሪ ስትገቡ የመድኃኒት ምርጫ ምርመራውን በዓይናችሁ እዩ። ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ መድኃኒት ውስጥ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡና ያድራሉ። መድኃኒቱ የሠራ እንደሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ካልሠራ ባክቴሪያው ወረቀቱ ሥር ድረስ አድጎ ታገኙታላችሁ። ይህን ያየ ሰው ዝም ብሎ መርፌ ለማንሳት እጁ ይከብደዋል።

አንዲት እናት «ወተቱ አልረጋ አለኝ፣ ሰው አይቶብኝ ነው» ካለቻችሁ አትሳቁባት። «ላሚቱ ሰሞኑን ተወግታለች?» በሏት። እርጎ የሚያረጋውም ባክቴሪያ ነው፣ መድኃኒት ያለበት ወተት ደግሞ ያንን ባክቴሪያ ይገድላል። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ወተቱ ስንት ቀን እንደማይጠጣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ እሷም ያንን አታነብም። ቀኑን ቆጥራችሁ የምትነግሯት እናንተ ናችሁ። ለማንም መሸጥ እንደሌለባትም ጨምሩ፣ ምንም እንኳ ፊቷ ቢጠቁር።

ገበሬውን የሚወቅስ ስብሰባ ብዙ ሰምቻለሁ፣ አልስማማም። ገበሬው ያየውን ነው የሚጠይቀው። መርፌን የሁሉ መድኃኒት ያደረግነው እኛ ነን። ገቢያችሁ ከጠርሙሱ ብቻ እስከመጣ ድረስ ደግሞ የፈለገ ብትማሩ መውጋታችሁ አይቀርም። ስለዚህ ለምርመራው አስከፍሉ፣ ትንሽም ብትሆን። «ሳትወጋ የምን ክፍያ?» ይሏችኋል። ቴርሞሜትሩን አውጥታችሁ አሳዩአቸው። ምን እንዳዳመጣችሁ፣ ምን እንዳያችሁ ንገሯቸው። ቤት ሄደው ምን እንደሚያደርጉ፣ ምን ካዩ ሳይውል ሳያድር ተመልሰው እንደሚመጡ በቁርጥ ንገሯቸው። ስልካችሁንም ስጧቸው፣ ሲደውሉም አንሱ።