መልስ፦ ራታን ታታ ለምን ከዓለም ቀዳሚ ባለሀብቶች ተርታ አልገቡም?
ሕንዳዊው የንግድ ሰው ራታን የመሩት ግዙፉ የታታ ኩባንያ የግላቸው ስላልነበረ ነው። የታታ ድርጅቶች እናት ታታ ሰንስ ነው። ከአክሲዮኑ 66 በመቶ ገደማ የያዙት የቤተሰቡ በጎ አድራጎት ተቋማት ናቸው። ትርፍ ሲከፋፈል ትልቁ ድርሻ ወደ እነሱ ይገባል፤ ከዚያ ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ለንጹህ ውሃ ይውላል። ራታን ከ1991 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በሊቀመንበርነት መሩት እንጂ ወደ ኪሳቸው አልከተቱትም። እኔን ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው።

ስለ እሳቸው የምትጽፍ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ሰር ራታን ታታ የሚባሉ ሌላ ሰው አሉ፤ የታታ ኩባንያ መሥራች የጃምሴትጂ ልጅ፣ በ1918 እ.ኤ.አ. ያረፉ። አንዴ ሁለቱን አምታትቼ ግማሹን ጽሑፍ እንደ አዲስ ጽፌያለሁ። አንተ የጠየቅካቸው ያረፉት በኦክቶበር 2024 ነው። ከስሙ በፊት «ሰር» ካየህ የድሮው ናቸው።