ማሰራጫ ከመገዛቱ በፊት የተጀመረ ሬዲዮ

ጥያቄ፦ እኔና ጥቂት ጓደኞቼ በወረዳችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለማቋቋም አስበን መሰባሰብ ጀምረናል። ከመካከላችን «ዋናው ማሰራጫና ስቱዲዮ ማግኘት ነው፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል» የሚሉ አሉ። በአንድ ሥልጠና ላይ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የሚገኘው ቡሽ ሬዲዮ «የአፍሪካ የማኅበረሰብ ሬዲዮ እናት» ተብሎ ሲጠራ ሰማሁ። እንዴት ተነሣ? ምንስ ሠርቶ ነው ይህን ስም ያገኘው? (አንባቢ፣ ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ ቡሽ ሬዲዮ በ89.5 ኤፍ ኤም ለኬፕ ታውን፣ በተለይም ኬፕ ፍላትስ ለሚባለው ሜዳማ አካባቢ ነዋሪዎች የሚያሰራጭ አነስተኛ ጣቢያ ነው። የአድማጮቹን ኑሮ ሳያውቁ የጣቢያውን ታሪክ መረዳት ስለማይቻል ከዚያ ልጀምር። የአፓርታይድ መንግሥት በ1966 (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲስትሪክት ሲክስ የተባለውን የመሀል ከተማ ሰፈር የነጮች ብቻ እንዲሆን ካወጀ በኋላ፣ ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች ቤታቸው እየፈረሰ ከከተማው ርቆ ወደሚገኘው አሸዋማ ሜዳ እንዲሄዱ ተገደዱ። አብሮ አደግ ተበተነ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ሬዲዮውም ቢሆን የእነርሱ አልነበረም። በ1936 የተቋቋመው ብሔራዊ የብሮድካስት ድርጅት ለጥቁሩ ሕዝብ በየቋንቋው ጣቢያ ቢከፍትም፣ ሕዝቡ ምን መስማት እንዳለበት የሚወስነው መንግሥት ነበር።

በ1980ዎቹ ይህን ዝምታ ለመስበር የተነሡ የኬፕ ታውን ታጋዮች በእጃቸው የነበረው ቴፕ መቅረጫ ብቻ ነበር። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ካሴት» የሚል ስም የሰጡት ቡድናቸው በየስብሰባው የሚደረጉ ንግግሮችን፣ ግጥሞችንና ሙዚቃን እየቀረጸ በካሴት ያባዛና ያሰራጭ ነበር። አንዱ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ ቤት ይደርሳል። እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው፣ እነዚህ ሰዎች ማሰራጫ ከመያዛቸው በፊት ዘጋቢም፣ አቅራቢም፣ ከሁሉም በላይ ቀጣዩን ካሴት የሚጠብቅ አድማጭም እንደነበራቸው ነው። የሬዲዮ ጣቢያ አብዛኛው ሥራ ያለ ሞገድ ተሠርቶ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል።

ካሴት በየቀኑ ለሚለዋወጠው ሁኔታ ስለማይደርስ፣ የቡድኑ ሰዎች ወደ ሬዲዮ አሰቡ። ስሙን የወሰዱት የአፓርታይድ መንግሥት በ1960 በከተማው ዳርቻ፣ በቁጥቋጦ መካከል ካቋቋመው የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ የመናቂያ ቅጽል ነው፤ «ቡሽ» በእንግሊዝኛ ቁጥቋጦ ማለት ነው። የስርጭት ፈቃድ ቢጠይቁም ስላላገኙ በ1993 ያለ ፈቃድ አየር ላይ ዋሉ። ፖሊስ መጥቶ መሣሪያውን ወረሰ፤ ሁለት አባላትም ተከሰሱ። ጉዳዩ ግን ከአገር ውስጥ አልፎ በውጭም ተቃውሞ በማስነሣቱ ክሱ ተነሣ። በዚያው ዓመት የስርጭት ዘርፉን ከመንግሥት እጅ የሚያወጣ ነጻ ባለሥልጣን የሚያቋቁም ሕግ ወጣ፤ ቡሽ ሬዲዮም በነሐሴ 1995 በፈቃድ ማሰራጨት ጀመረ።

«እናት» መባሉ በዕድሜ አይደለም። በኬንያ ሆማ ቤይ ከተማ በ1982 በዩኔስኮ ድጋፍ የተከፈተ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነበር፤ ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ዘጋው። በእኔ እምነት ቡሽ ሬዲዮን ለዚህ ስም ያበቃው ሰው ማፍራቱ ነው። የሬዲዮን ደጅ ረግጠው የማያውቁ የሰፈር ወጣቶች በበጎ ፈቃደኝነት እየገቡ ቀረጻ፣ ቅንብርና ዜና አጻጻፍ ይማራሉ፤ ብዙዎቹም ከዚያ ተነሥተው ወደ ትልልቅ የአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን ሄደዋል። ጣቢያው የለመደውን ባለሙያ በየጊዜው ማጣቱ ከባድ ቢሆንም፣ ይህን እንደ ኪሳራ አለመቁጠሩን አደንቃለሁ።

ለልጆች የሰጠው ቦታ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። በጣቢያው የልጆች የሬዲዮ ዐውደ ጥናት፣ ልጆቹ ትልልቆች ያዘጋጁትን ጽሑፍ ከማንበብ ይልቅ ርእስ ይመርጣሉ፤ እንግዳ ይጠይቃሉ፤ ማይክሮፎኑን ይዘው ራሳቸው ያቀርባሉ። የወሮበላ ቡድኖች ግጭት በሚበረታበት ሰፈር የሚያድግ ልጅ የራሱ ድምፅ ከጎረቤት ሬዲዮ ሲወጣ መስማቱ ቀላል ነገር አይደለም። ኤች አይ ቪ አገሪቱን ባስጨነቀበት ዘመንም ጣቢያው ትምህርቱን በሐኪም ንግግር ብቻ አልተወውም፤ ወጣቱ ከሚወደው ሂፕ ሆፕ ጋር አያይዞ፣ ግጥሙን ራሳቸው ወጣቶቹ እንዲጽፉ አደረገ። ስርጭቱም በእንግሊዝኛ፣ በአፍሪካንስና በኮሳ ቋንቋዎች ስለሆነ፣ ሕግ ለያይቶ ያሰፈራቸው ሰዎች በአንድ ሞገድ መደማመጥ ቻሉ።

የገንዘብ ችግር አልተለየውም። በትግሉ ዘመን የረዱ የውጭ ለጋሾች አፓርታይድን ካበቃው የ1994ቱ ምርጫ በኋላ ፊታቸውን ወደ አዲሱ መንግሥት ስላዞሩ፣ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች በአነስተኛ ማስታወቂያ፣ በፕሮጀክት ገንዘብና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት መኖር ነበረባቸው።

በእናንተ መካከል ለተነሣው ክርክር፣ ጣቢያውን ለዓመታት የመሩት ዜን ኢብራሂም መልስ ሰጥተውበታል፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ዘጠና በመቶው ማኅበረሰብ፣ ዐሥር በመቶው ሬዲዮ ነው ይሉ ነበር። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። በአገራችን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም (ይህ ዓመት ግን በእኛ አቆጣጠር ነው) የማኅበረሰብ ብሮድካስት ለትርፍ የማይሠራና የማኅበረሰቡ የራሱ እንዲሆን ስለሚጠበቅ፣ ክርክራችሁ የፈቃድ ጉዳይም ነው። ስለዚህ ለመሣሪያ ገንዘብ ማሰባሰብ ከመጀመራችሁ በፊት በእጅ ስልካችሁ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ቅረጹ፤ የገበያ ዋጋ፣ የጤና ጣቢያው ምክር፣ የአንድ አዛውንት ትዝታ ሊሆን ይችላል። በፍላሽ አባዝታችሁ ለእድሮች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለሻይ ቤቶች ስጡና ሰዎች የሚሉትን ሰምታችሁ ሁለተኛውን አዘጋጁ። ሦስተኛውን «መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ከመጣ፣ ያን ጊዜ ስለ ማሰራጫው ለመነጋገር ተቀመጡ።