ከሌላ ስቴት የሚመጣ የአደን ጠመንጃ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂንያ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። አባቴ ስለ ምንሽርና ውጅግራ ሲያወራ እየሰማሁ ስላደግሁ ነው መሰለኝ፣ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ከነመነጽሩ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ፔንሲልቬንያ የሚኖር የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የአያቱን ጠመንጃ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ግሪፈን ኤንድ ሃው የተባለው የኒውዮርክ ቤት ስፕሪንግፊልድ 1903 በሚባለው የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ላይ በ1930ዎቹ የሠራው ነው። ላዩ ላይ ላይማን አላስካን የሚባል ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) አለው። ሄጄ በመኪና ላምጣው ወይስ የሰብሳቢ ፈቃድ አውጥቼ በፖስታ ይላክልኝ? አንድ ቀንስ ወደ አገር ቤት ይዤው መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ እባክዎ በመኪና አያምጡት። ሻጩ ወዳጅዎ ነው፣ ጠመንጃው የአያቱ ነው፣ ዕድሜውም ዘጠና ዓመት ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ግን አያድንዎትም። በ1968 የወጣው ገን ኮንትሮል አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ፣ ፈቃድ የሌለው ግለሰብ በሌላ ስቴት ለሚኖር ግለሰብ ጠመንጃ በቀጥታ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ተቀባዩም ወደሚኖርበት ስቴት ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። ሁለታችሁም ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደርሳል። «ሽያጭ አይደለም፣ ስጦታ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ ስጦታም ያው ነው። ከዚህ ክልከላ ውጭ የሆነው ውርስ ነው። ወዳጅዎ በኑዛዜ ቢተውልዎ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

የሰብሳቢ ፈቃዱ በእርግጥ አለ። 30 ዶላር ይከፈልበታል፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። የያዘ ሰው «ኪዩሪዮ ኤንድ ሬሊክ» ተብሎ የሚመደብ አሮጌ መሣሪያን ከሌላ ስቴት በቀጥታ ቤቱ ድረስ ማስመጣት ይችላል። የገባና የወጣውን የሚመዘግብበት ደብተርም መያዝ አለበት። ሰብሳቢዎች «50 ዓመት ካለፈው በቃ» ሲሉ እሰማለሁ። ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ኤ.ቲ.ኤፍ. የሚባለው መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ዕድሜው 50 ዓመት መሙላቱን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው እንደተሠራ መቆየቱንም ይጠይቃል። የእርስዎ ጠመንጃ ደግሞ ውበቱ በሙሉ ከመለወጡ የመጣ ነው! ሲወለድ የወታደር ጠመንጃ ነበር። ከዚያ ባለሙያዎች የጦር ሰደፉን አውልቀው ከዋልነት እንጨት በተሠራ ተኩት፤ መነጽርም ሰቀሉበት። ለውጡ ራሱ ታሪካዊ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም በግሌ ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ነገር ግን ደንበኛዬን ለዚህ ክርክር መሞከሪያ አላደርገውም።

ስለዚህ መንገዱ ይህ ነው። በሰፈርዎ ፈቃድ ያለው የጠመንጃ ነጋዴ ይፈልጉና ከግለሰብ የተላከ ጠመንጃ ይቀበል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ረጅም ጠመንጃ ስለሆነ ወዳጅዎ በፖስታ ለነጋዴው ሊልከው ይችላል። እርስዎ ነጋዴው ዘንድ ሄደው ፎርም 4473 የሚባለውን የፌዴራል የጠመንጃ መረከቢያ ቅጽ ይሞላሉ፤ ባክግራውንድ ቼክ ይደረጋል፤ ከዚያ ይረከባሉ። ግሪን ካርድ መያዝዎ አይከለክልዎትም። ካርዱንና አሁን የሚኖሩበትን አድራሻ የሚያሳይ መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቀድለትም።

ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ የእኛ ሰው ቸኩሎ ስለሚያልፈው ያሳስበኛል። ሕገወጥ ዕፅ ይጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ጫትን ከቡና ጋር የሚቆጠር ነገር አድርገን ነው የምናየው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ግን እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው። የሚቅም ሰው «የለም» ብሎ ቢፈርም፣ ጠመንጃ በመያዙ ከሚመጣበት ወንጀል በተጨማሪ የሐሰት ቃል መስጠት የሚባል ሌላ ወንጀል ይጨምራል። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ክስ የመኖሪያ ፈቃዱንም ሊነካበት ይችላል። የሚቅሙ ከሆነ ፎርሙን ከመንካትዎ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ።

አገር ቤት ስለመውሰድ፦ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መሄድ የለም። ከአሜሪካ ለማውጣት የንግድ ሚኒስቴሩ የኤክስፖርት ቁጥጥር አለ፤ መነጽሩ ብቻውንም ቢሆን ይመለከተዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። የሁለቱንም ፈቃድ ሳይዙ እንዳይሞክሩት።

አሜሪካ ውስጥ ግን መነጽሩ በፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ ስላልሆነ ለብቻው በፖስታ እቤትዎ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ግሪፈን ኤንድ ሃው የሚታወቁበት ማሰሪያ ከጠመንጃው ግራ ጎን የሚያዝ ነው። ማንሻዎቹን ሲያዞሯቸው ስኮፑ ይወልቃል። ወዳጅዎ አውልቆ በደንብ ጠቅልሎ ለብቻው ይላከው።

ስለዚህ ማሰሪያ ያነሳሁት በሌላ ምክንያትም ነው። በስፕሪንግፊልድ 1903 ላይ መለያ ቁጥሩ ያለው ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ ገብቶ በሚታሰርበት ቀለበት አናት ላይ ነው። ስኮፕ ከላይ ለመስቀል ሲባል እዚያው ቁጥሩ ላይ የተበሳ ጠመንጃ ብዙ ነው። አንዳንዱም ሲወለወል ቁጥሩ ጠፍቷል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተለወጠ መሣሪያን እያወቁ መያዝ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። የጎን ማሰሪያው ቀለበቱን ስለማይነካው የእርስዎ ደህና ሊሆን ይገባል፤ ቢሆንም ሳያዩ ገንዘብ አይላኩ። ቀለበቱ በብርሃን በቅርበት ተነሥቶ ፎቶው ይላክልዎት፤ እያንዳንዱ አኃዝ መነበብ አለበት። በዚያው አጋጣሚ ቁጥሩን ልብ ይበሉ። በስፕሪንግፊልድ የመሣሪያ ፋብሪካ ከተሠሩት ውስጥ ከ800,000 በታች የሆኑት ብረታቸው በሙቀት ሲጠነክር ጉድለት ስለነበረበት ተሰባሪ ሊሆኑ ይችላሉ። የእርስዎ ከእነዚያ ከሆነ ግድግዳዎ ላይ ይስቀሉት እንጂ ጥይት አያጉርሱት።