ኤጀንቱ ያልሠራሁበትን ጋራዥ ጻፈልኝ

ጤና ይስጥልኝ። ስሜን እንዳታወጡት አደራ።

መካኒክ ነኝ። አውስትራሊያ ያለ አንድ ጋራዥ በቪዲዮ አነጋግሮኝ ስፖንሰር ሊሆነኝ ተስማማ። ቪዛው 482 የሚባለው ነው። ወረቀቱን እንዲጨርስልኝ ለአንድ ኤጀንት ሰጠሁት። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ፓስወርዱን ለምኜ ተቀብዬ አካውንቱን ስከፍት የማላውቀው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አየሁ። እግሬ ረግጦት በማያውቅ ጋራዥ ሦስት ዓመት እንደሠራሁ ይናገራል። ማህተምም ፊርማም አለው። እውነተኛው ልምዴ አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው። የሙሉ ቀን ሠራተኛ ነበርኩ፣ ደመወዜም በባንክ ነበር የሚገባው።

ኤጀንቱን ስጠይቀው «ሁለት ዓመት ካልሞላ አይቀበሉህም። ሁሉም የሚያደርገው ነው። የጋራዡ ባለቤት ዘመዴ ስለሆነ ቢደውሉለትም አዎ ይላል። ነካክተህ እንዳታበላሸው» አለኝ።

ባለቤቴም በማመልከቻው ውስጥ አለች፣ ገና አልነገርኳትም። እውነቱን ብናገር ዕድሌ ይዘጋል? ዝም ብልና ቪዛው ቢወጣ በኋላ ችግር ይመጣል? ለቀጣሪዬስ ምን ልበለው? ሰውየው አምኖኝ ነው፣ እሱ ደግሞ ይከብደኛል።

እንቅልፍ ያጣ አንባቢያችሁ

መልስ

ወንድሜ፣ ዝም አትበል። ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ማየትህ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የምታደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል።

ደብዳቤህን ሳነብ በጣም ያናደደኝ ውሸቱ ለምንም የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት የሚጠየቀው በድሮው ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ የድሮው 482 ቪዛ «ስኪልስ ኢን ዲማንድ» በሚባለው ተተክቷል፣ ቁጥሩ ግን ያው 482 ነው። የሚጠየቀውም ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ በሙያው የተሠራ የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድ ነው። አንተ ደግሞ አንድ ዓመት ከአራት ወር አለህ፣ የባንክ ማስረጃም አለህ። ሰውየው በአሮጌ ሕግ ተነስቶ ንጹሕ ማመልከቻህን አቆሸሸው።

«እንግዲያው ውሸቱ ባይኖርም ስለማልፍ ምንም አይለውም» እንዳትል። በአውስትራሊያ ሕግ 4020 የሚባል መስፈርት አለ። ሐሰተኛ ሰነድ ወይም አሳሳች መረጃ የቀረበበትን ማመልከቻ ውድቅ ያደርጋል። መረጃው ውሳኔውን መለወጥ አይጠበቅበትም፣ ከቪዛው መስፈርቶች አንዱን የሚነካ ከሆነ ይበቃል። የሥራ ልምድ ደግሞ ከዋና ዋናዎቹ መስፈርቶች አንዱ ነው። «ኤጀንቱ ነው ያስገባው» ማለትም ብቻውን አያድንም፣ ማመልከቻው የቀረበው በአንተ ስም ነውና። በዚህ ምክንያት ውድቅ ከተደረገ ሦስት ዓመት ይህ መስፈርት ያለበትን ቪዛ አታገኝም። ውሸቱ በማንነት ላይ ቢሆን ኖሮ አሥር ዓመት ነበር። እገዳው ባለቤትህንም ይይዛታል። ስለዚህ ዛሬውኑ ንገራት። ስለ ራሷ ጉዳይ ከኤጀንቱ ዘግይታ መስማት የለባትም።

ዝም ብለህ ቪዛው ቢወጣስ? ጉዳዩ በዚያ አይዘጋም። በማመልከቻው ላይ የተሳሳተ መልስ እንደነበረ በኋላ ከታወቀ የተሰጠ ቪዛም ሊሰረዝ ይችላል። ደግሞ አስበው፤ ነገ ለቋሚ መኖሪያ ስታመለክት ስለ ሥራ ታሪክህ ትጠየቃለህ። ያን ጊዜ ወይ ያንኑ ጋራዥ መድገም ነው፣ ወይ ከቀድሞው ማመልከቻህ ጋር መጋጨት። የኤጀንቱ ዘመድ ስልክ አንስቶ «አዎ» ቢል ደመወዝ የገባበት ባንክ፣ ግብርና ጡረታ የተቆረጠበት ወረቀት ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት የአካውንቱን ፓስወርድ ያዝ። የገባውን ሁሉ አንድ በአንድ አውርደህ አስቀምጥ። ከኤጀንቱ ጋር የተጻጻፍከውን አታጥፋ፣ በተለይ ያቺን «ነካክተህ እንዳታበላሸው» የምትለዋን በጽሑፍ ልኮልህ ከሆነ። ደብዳቤው ያለአንተ እውቀት እንደገባ የምታስረዳው በእነዚህ ነው።

ከዚያ ሌላ ሰው አማክር። አውስትራሊያ ውስጥ ሆኖ በክፍያ የቪዛ ምክር የሚሰጥ ሰው ወይ ጠበቃ ወይ የተመዘገበ የማይግሬሽን ወኪል መሆን አለበት። የወኪሎቹ መዝገብ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው። ስሙንና የምዝገባ ቁጥሩን ፈልገህ ሳታገኝ አንድ ብር አትክፈል።

አማካሪህ ሁለት መንገድ ያሳይሃል። አንዱ ስህተቱን ራስህ ማሳወቅ ነው። ለዚህ ፎርም 1023 የሚባል አለ። ደብዳቤው ሐሰት መሆኑን፣ ማን እንዳስገባውና እውነተኛው ልምድህ ስንት እንደሆነ ጽፈህ ማስረጃህን ታያይዛለህ። ይህ ጥፋቱን በራሱ አይፍቀውም፣ ልዋሽህ አልፈልግም። ግን ተጠይቆ ከማመንና ቀድሞ ከመናገር የትኛው እንደሚታመን ታውቃለህ። ሁለተኛው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ማመልከቻውን መሳብና በእውነተኛው ልምድህ እንደገና ማመልከት ነው። የሦስት ዓመቱ እገዳ የሚመጣው ማመልከቻው በ4020 ውድቅ ሲደረግ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይህኛው ይመረጣል። የከፈልከው ገንዘብ ግን በአብዛኛው አይመለስም። ለአንተ የቱ እንደሚሻል ሙሉ ፋይልህን ያየ ባለሙያ ይወስን። እኔ ካንተ ደብዳቤ ብቻ ተነስቼ አልመርጥልህም። ብቻ አትዘግይ፤ ውሳኔ ከተሰጠ መሳብ የሚባል ነገር የለም።

ኤጀንቱ «ለስፖንሰሩ የሚሰጥ» ብሎ ገንዘብ ጠይቆህም ከሆነ ለአዲሱ አማካሪህ ንገረው። ስፖንሰርነትን መሸጥም መግዛትም አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው።

ለቀጣሪህም ንገረው። አማካሪህን ካነጋገርክ በኋላ፣ ግን ከሌላ ከመስማቱ በፊት። ሰውየው ለአንተ ሲል ስሙን አስገብቷል። በኢንተርቪው ስለ ልምድህ የነገርከው እውነቱን ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፦ «እርስዎ የሚያውቁት ትክክል ነው፣ ኤጀንቱ ሳላውቅ የተለየ ደብዳቤ አስገብቷል፣ እያስተካከልኩ ነው» ብለህ አጭር ኢሜይል ጻፍለት። እውነተኛውን የልምድ ደብዳቤህንም አያይዝለት።