ለወጣት ተርጓሚዎች፦ «ገንግ ሆ» ስትገጥማችሁ

ውድ ወጣት ተርጓሚዎች፣

ስለ አንድ ቃል ልጽፍላችሁ ነው፤ «ገንግ ሆ» ስለሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል። መዝገበ ቃላት ብታገላብጡ «ከልክ በላይ የጓጓ» ዓይነት ፍቺ ታገኛላችሁ። ልክ ነው። ግን አደራ፣ እዚያ ላይ አትቁሙ።

ቃሉ የመጣው ከቻይና ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ጃፓን ቻይናን ስትወር የሻንጋይ ፋብሪካዎች ወደሙ፤ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ተሰደደ። በዓመቱ ኒውዚላንዳዊው ሬዊ አሊ፣ አሜሪካውያኑ ኤድጋር ስኖውና ባለቤቱ ሔለን፣ ከቻይናውያን ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው የኢንዱስትሪ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን አቋቋሙ። እንደ ባኦጂ ባሉ ከግንባር የራቁ ከተሞች ስደተኛው እየተደራጀ ብረት ቀጠቀጠ፣ ለጦሩ ብርድ ልብስ ሸመነ። ረጅሙ የማኅበሩ ስም ሲያጥር «ጎንግ ሄ» ሆነ። ሁለቱ የቻይንኛ ፊደላት ለየብቻ ሲነበቡ «ሥራ» እና «መተባበር» ማለት ናቸው።

ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ያሻገረው የአሜሪካ ማሪን መኮንን የነበረው ኢቫንስ ካርልሰን ነው። ቻይና ሳለ አሊን ያውቀው ነበር። በ1942 «2ኛው ሬይደር» የተባለው የማሪን ልዩ ሻለቃ አዛዥ ሲሆን ቃሉን መፈክር አደረገው። እኔ ከሁሉ የምወደው በሻለቃው የሚደረጉትን ስብሰባዎች ነው። ተራው ወታደር ተነስቶ ሐሳቡን ይናገራል። ለምን እንደሚዋጋ ይወያያል። መኮንኑም ከወታደሩ የተለየ ምግብ አይቀርብለትም። ማዕረግ በሚፈራበት ጦር ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሻለቃው በዚያው ዓመት ጃፓኖች የያዙትን የፓስፊክ ውቅያኖሱን ማኪን ደሴት አጠቃ። በ1943 ሆሊዉድ ስለዚህ ጥቃት «ገንግ ሆ!» የሚል ፊልም ሠራ፤ ቃሉም በየሰው አፍ ገባ። መተባበሩ ግን እየተረሳ ጥድፊያው ብቻ ቀረ። ዛሬ አንድ ሰው ባልደረባውን «ገንግ ሆ ነው» ካለ፣ ብዙ ጊዜ ሸንቆጥ እያደረገው ነው። እኛ «ካላደረግሁ ሞቼ እገኛለሁ ባይ» እንደምንለው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማን፣ መቼ እንደጻፈው እዩ። ስለ 1940ዎቹ ቻይና የሚያወራ ጽሑፍ ከሆነ «ኅብረት ሥራ» በሉት። የዛሬ የቢሮ ወሬ ከሆነ «ሞቼ እገኛለሁ ባይ» ይሄዳል። «በዕቅዱ ገንግ ሆ አይደለችም» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ፍቺ ፍለጋ አትድከሙ፤ «ዕቅዱ ብዙም አልጣማትም» ብላችሁ እለፉት።