«ፎቶዬን አውርጂልኝ አለችኝ»

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ላይን ሱፐርቫይዘር ነኝ። ከሥሬ 32 ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ባለፈው ወር አንዷን «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ብዬ ሰርተፍኬት ሰጠኋት፣ ፎቶዋንም መግቢያው ላይ ለጠፍኩ። በሳምንቱ እያለቀሰች መጥታ «እባክሽ ፎቶዬን አውርጂልኝ» አለችኝ። ለካ ጓደኞቿ ምሳ ላይ አብረዋት መቀመጥ ትተዋል። እኔንም ዘግተውኛል። ላበረታታ ብዬ ነበር፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ፎቶውን አውርጂላት። ዛሬውኑ፣ ወሬ ሳታደርጊው። ከዚያ ለብቻዋ ጠርተሽ «ያደረግኩት ሥራሽን ወድጄ ነው፤ እንዲህ እንደሚያስጨንቅሽ አላሰብኩም፣ ይቅርታ» በያት። አለቃ ይቅርታ ሲጠይቅ ይከበራል እንጂ አይናቅም።

ሐሳብሽ ግን ትክክል ነው። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ወደ 200 የሚሆኑ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1959 አሳትሞ ነበር። ሰዎቹ በሥራቸው የተደሰቱበትን ጊዜ ሲያወሩ ደጋግመው ያነሱት የተሳካላቸውን ሥራና የተሰጣቸውን ዕውቅና ነው። ዕውቅና ትልቅ ነገር ነው። ያልሆነው አሰጣጡ ነው።

እስቲ ላይንሽን አስቢው። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች። ኮሌታው ተጣሞ ከመጣ ቀጥሎ ያለችው ልጅ ምንም ጎበዝ ብትሆን ታርጌቷን አትመታም። ታዲያ ከ32 የአንዷን ፎቶ ነጥለሽ ስትሰቅዪ ሌሎቹ «የእኛስ እጅ?» ቢሉ ይፈረድባቸዋል?

እኔ ድሮ ቢሮ ስሠራ ብዙም የማያወራ አለቃ ነበረኝ። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆም አለና «ገጽ 3 ላይ ያለውን ድምር ያስተካከልሽው አንቺ ነሽ አይደል? ባታዪው ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር» ብሎኝ ሄደ። በቃ። ሰርተፍኬት የለ፣ ጭብጨባ የለ። እስከዛሬ የማስታውሰው ግን ይህችን ነው፣ ምክንያቱም ሥራዬን በትክክል አይቶታል። አንቺም «ጎበዞች፣ በርቱ» ብለሽ በጅምላ አትለፊ። ማሽኗ አጠገብ ሄደሽ፣ የሰፋችውን አንስተሽ «ይሄ ስፌት እንዴት ቀጥ ብሏል፣ እጅሽ ይባረክ» በያት። ለእያንዳንዷ በየተራ፣ በወር አንዴም ቢሆን ይድረሳት። መስመሩ በሙሉ ታርጌት የመታ ቀን ደግሞ ምስጋናው የሁሉም ይሁን፤ ቡና አፍሉ፣ ዳቦ ቁረሱ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የኦቨርታይም ሒሳብ ጎድሎባት «እጅሽ ይባረክ» የምትባል ልጅ ደስ አይላትም፣ ትናደዳለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀን ኦቨርታይም በ1.5፣ የሌሊቱ በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ደመወዙን የምትወስኚው አንቺ እንዳልሆንሽ ይገባኛል። የሠሩትን ሰዓት ግን በትክክል መዝግበሽ ማስተላለፍ፣ ከጎደለም ሄዶ መጠየቅ ያንቺ ሥራ ነው። ልጆቹ ይህን ያያሉ።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላም አለልሽ። ቀኑን የሚያስታውቁት ኮከብ የሚያዩት አያንቶዎች ስለሆኑ በካላንደር ቀድሞ ተቆርጦ አይቀመጥም። ቀኑ እንደተሰማ ሳትጠየቂ «ማን ማን ቤተሰብ ጋር መሄድ ይፈልጋል?» ብለሽ ፈቃዱን ለማመቻቸት ሞክሪ። አገሯን፣ እናቷን፣ በዓሏን ያስታወሰላትን አለቃ ማን ይረሳል?

ልጅቷን ደግሞ ለጥቂት ቀን ምሳ ላይ ብቻዋን አትተያት። አንቺ ራስሽ ሳህንሽን ይዘሽ ሄደሽ ከእሷም ከሌሎቹም ጋር ተቀመጪ። ምን እንደሆነም ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።