«ልጄ ዶክትሬት ትማራለች፤ እኔ ምን ልርዳት?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ይህን የሚጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ልጄ ሲቪል ኢንጂነር ናት። ባሕር ዳር ዶክትሬቷን መማር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። የአራት ዓመት ልጇን የምይዝላት እኔ ነኝ። የምታጠናው የፋሲል ግንብ የተሠራበትን ዓይነት ኖራ ነው ብላኛለች። ዘንድሮ ለጥምቀት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ እሷ የደረሰችው የከተራ ዕለት ማታ ነው። «የላብራቶሪ ቀን ነበረብኝ» አለች። ዘመድ ተቀየመን። «አሁንም አልጨረሰችም?» የሚለኝም በዝቷል። እኔ አልተማርኩም። በምን ልርዳት?

እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦

እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔም የኢንጂነሪንግ ዶክትሬቴን የሠራሁት ልጆች ይዤ፣ እዚሁ ጎንደር እየተመላለስኩ ነው። ልጅዎ እውነቷን ነው።

ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ተዋህዶ ቶሎ ይጠነክራል። ኖራ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ከአየር ቀስ በቀስ እየሳበ ነው ወደ ድንጋይነት የሚመለሰው። ወራት ይፈጃል፤ ሲብስም ዓመታት። እንዲህ ያለ ጥናት ላይ ኖራና አሸዋ ተለውሶ ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቅርጽ ይፈሳል። ከዚያ በ28፣ በ90፣ በ180 ቀኑ፣ አንዳንዱም በዓመቱ እየወጣ በማሽን ይሰበራል፤ ስንት ጭነት እንደቻለ ይመዘገባል። እስቲ ያስሉት፦ ጥቅምት 9 የፈሰሰው 90 ቀን የሚሞላው ጥር 9 ነው። እንግዳ ከአውቶቡስ በሚወርድበት ቀን! ያ ቀን ካለፈ ናሙናው ከሌሎቹ ጋር አይነጻጸርም። እንደገና ማፍሰስ፣ እንደገና ሦስት ወር መጠበቅ ነው።

«ኖራ ምን ይጠናል?» የሚል ካለ ደግሞ መልስ አለዎት። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግንቡ በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበር። ሲሚንቶ እንደ ኖራ እርጥበት አያስወጣም፤ አሮጌውን ድንጋይ ይጎዳዋል። በኋላ በዩኔስኮ እገዛ ጥገና ሲደረግ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ጠጋኙን የሚያስተምር ከራሳችን ሰፈር ቢወጣ ምን ይላሉ?

አሁን ወደ እርስዎ። ላብራቶሪ ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ድግሳችን በእኛ። ልጅዎ የዓመቱን የመስበሪያ ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ትጻፍልዎና ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። የቤተሰብ ሰርግ ሲቆረጥ ወረቀቱን አይተው አፍዎን ይክፈቱ፤ «ያን ሳምንት ተዉልኝ» ይበሉ። ከእሷ አፍ ሲወጣ «ተምራ ናቀችን» ይባላል።

ለቅሶም አለ። እኔ ስማር እናቴ ለቅሶ ቤት ሁለት ሰሃን ይዛ ትሄድ ነበር። «ይሄ የእሷ ነው» ብላ ለይታ ታስረክባለች። ሐሜቱ በዚያው ቀረ።

«መቼ ትጨርሻለሽ?» አይበሏት። እሷም አታውቀውም፣ አማካሪዋም በእርግጠኝነት አያውቀውም። «የሰበርሽው እንዴት ሆነ?» ይበሏት። ባይገባዎትም ታውራልዎ። ደግሞ የልጅ ልጅዎ ትንሽ ባስነጠሰች ቁጥር ለእናቷ አይደውሉላት። ትኩሳት ከሆነ ግን ወዲያው ይደውሉ፤ ከደበቋት ሁለተኛ ልቧ አርፎ አትሠራም።

አንድ ነገር ገረመኝ፤ የልጅ ልጅዎ አባት በደብዳቤዎ ውስጥ የለም። ካለ፣ ቅዳሜና እሁድን እሱ ይያዝ። መያዝ ስል ማጠቡንም፣ ማብላቱንም ነው። የእሷ ሸክም ዞሮ እርስዎ ጀርባ ላይ ብቻ የሚያርፍ ከሆነ እኔ እርዳታ አልለውም። እርስዎም ወገብ አለዎት።

ስለ ገንዘብ አላነሡም፤ ግን ይንገሯት። ኦደብሊውኤስዲ (OWSD) የሚባል፣ ጽሕፈት ቤቱ ጣሊያን ትሪየስቴ ያለ የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት አለ። አገሯ ተመዝግባ ለምትማር የዶክትሬት ተማሪ፣ ለምርምር ወደ ሌላ ታዳጊ አገር ደርሳ እንድትመለስ የሚረዳበት መንገድ ነበረው፤ አሁንም መኖሩን ታጣራ። ውድድር ነው። ከአማካሪዋ ጋር ትምከርበት።

የተቀየሙትን ዘመዶች ደግሞ ለፋሲካ ቀድመው ይጥሯቸው። ከመጥራትዎ በፊት ግን የግድግዳውን ወረቀት ይዩ።